ኔሲን ፍለጋ፦ የጊትላብ ዳታቤዝ ለምን ድንገት ድንዝዝ ይል ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2021 ጁን ወር መጨረሻ አካባቢ ነው። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ጊትላብ ዶት ኮም ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር መታየት ጀመረ። ዳታቤዙ ሰላም ሲሠራ ይቆይና ድንገት ድንዝዝ ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ጥያቄው ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገጽ የከፈተ ሰው 500 የሚል ስህተት ይመጣበታል። ከዚያ ማንም እጁን ሳያስገባ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይጠፋና እንደገና ብቅ ይላል።

መሐንዲሶቹ «ኔሲ» የሚል ስም አወጡለት። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኔስ በሚባለው ሐይቅ ይኖራል እየተባለ የሚወራለት ፍጥረት ነው ኔሲ። አየሁት የሚል አይጠፋም። ሄደው ሲፈልጉት ግን ውሃው ረግቶ ይገኛል።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጊትላብ ችግሩን፣ ፍለጋውንና መፍትሔውን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፎታል። ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ መከተል ይቻላል። ደግሞ ብዙ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተ ግንኙነት) በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ዳታቤዝ ያለው ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ያው ነው፣ ኢንዴክሱ (ረድፍ ቶሎ የሚያስገኘው ማውጫ) ያው ነው፣ ዳታው ትናንት ከነበረው ብዙም አልጨመረም። ሴሽኖቹ ግን ቆመዋል።

መጀመሪያ የጮኸው ክፍል

ጊትላብ የኮድ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ኮዱ ሲቀየር ፈተናዎችን በራሱ ያስኬዳል። ይህን ሥራ የሚሠሩት «ራነር» የሚባሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ራነሮቹ «ለእኔ የሚሆን ሥራ አለ ወይ?» እያሉ ሰርቨሩን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ትንሽ ነው። ጠያቂው ግን ብዙ ነው፤ ቀንና ሌሊትም አያርፍም። በትይዩ የሚመጣ ጫና ማለት ይኼ ነው። አንድ ትልቅ ኩዌሪ ሳይሆን አእላፍ ትናንሽ ኩዌሪዎች እኩል ያንኳኳሉ።

ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ የመጣው ከዚህ ክፍል ነው። የሥራ ወረፋውን የሚያነቡት ኩዌሪዎች ጊዜያቸው እያለቀ ይቋረጣሉ። ያልተነኩ ሥራዎች ይከመራሉ። ማንም ሰው በዚህ ሰዓት እጁ የሚሄደው ወደ ኩዌሪው ነው። የአፈጻጸም እቅዱን ያያል፣ ኢንዴክስ ይጨምራል፣ ሠንጠረዡን ይጠረጥራል። እኔም ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ያንን መንገድ ይቃወሙ ነበር። አንደኛ፣ ችግሩ ሲመጣ የራነር ኩዌሪዎች ብቻ አልነበሩም የሚቆሙት። ከእነሱ ጋር ምንም የማይገናኙ ኩዌሪዎችም ጊዜያቸው እያለቀ ይቋረጡ ነበር። ሁለተኛ፣ መምጣቱም መሄዱም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ድንገተኛ ነው። መጥፎ ኩዌሪ እንዲህ አይደለም። መጥፎ ኩዌሪ ሁልጊዜ መጥፎ ነው፤ ዳታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቀስ እያለ ይብስበታል።

«ምን እየሠራህ ነው?» ሳይሆን «ምን እየጠበቅህ ነው?»

ጊትላብ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ፣ በፖስትግሬስ ውስጥ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባል እይታ አለ። በዚያች ቅጽበት የተከፈቱትን ሴሽኖች ሁሉ ይዘረዝራል። እያንዳንዱ ሴሽን የትኛውን ኩዌሪ እንደያዘ፣ ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ እርምጃዎች) መቼ እንደተጀመረ፣ ምን እየጠበቀ እንደሆነም ይናገራል። የመጨረሻው ዓምድ ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ግን ኩዌሪውን አንብቦ እሱን ያልፈዋል።

አንድ ጉድለት አለው። የአሁኑን እንጂ ያለፈውን አያስታውስም። ኔሲ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጥቶ ከሄደ፣ ጠዋት ቢሮ ገብተው ቢያዩት ምንም የለም። የጊትላብ ሰዎች ያደረጉት ትልቁ ነገር፣ በእኔ እይታ፣ ይህን ክፍተት መድፈናቸው ነው። ከዚህ እይታ ብዙ ናሙና በየጊዜው እንዲሰበሰብና እንዲቀመጥ አደረጉ። ከዚያ ቀጣዩን መምጣት ጠበቁ።

ሲመጣ ዱካው በሁሉም ናሙና ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የቆሙት ሴሽኖች የሚጠብቁት ሰብትራንስ ኮንትሮል ሎክ የተባለ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሎክ ማለት አንዱ ሲጠቀም ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ ነው፤ ፖስትግሬስ ውስጥ ግን ሎክ ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው የሠንጠረዥና የረድፍ ሎክ ነው። አንዱ ሴሽን ረድፍ ይቀይራል፣ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ይህ ፒጂ ሎክስ በሚባለው እይታ ላይ ይታያል። ማን ማንን እንደከለከለ ተጠይቆ ይታወቃል። ከዚያ በታች ግን ቀላል ሎክ የሚባሉ አሉ። ዳታቤዙ የራሱን የውስጥ ሜሞሪ ለመጠበቅ የሚጠቀምባቸው ናቸው። እነዚህ ፒጂ ሎክስ ላይ አይታዩም። «ማን ነው የያዘብኝ?» ብለው ቢጠይቁ ዳታቤዙ ማንንም አይጠራም። የሎክ ክትትላችሁ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሴሽኖቹ ግን በሎክ ሊታነቁ ይችላሉ።

ሴቭፖይንት፣ ትንሿ ትራንዛክሽን

የሎኩ ስም አቅጣጫውን ጠቆመ። ሰብትራንስ ማለት ሰብትራንዛክሽን ነው፤ በትራንዛክሽን ውስጥ ያለ ትንሽ ትራንዛክሽን። በዳታቤዝ ቋንቋው፣ በኤስኪውኤል፣ ሴቭፖይንት ብለን የምንከፍተው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትልቁን ሥራ ሳናፈርስ አንዷን እርምጃ ብቻ መመለስ ያስችለናል።

ጊትላብ የተጻፈው ሩቢ ኦን ሬይልስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። ሬይልስ ውስጥ በትራንዛክሽን ውስጥ አዲስ ትራንዛክሽን ይከፈት ብለው ካዘዙ ከሥር የሚሄደው ሴቭፖይንት ነው። ገንቢው ሴቭፖይንት የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ላይጽፈው ይችላል። በጣም የተለመደው አጠቃቀም «ካለ አምጣ፣ ከሌለ ፍጠር» የሚለው ነው። መጀመሪያ ረድፉ ይፈለጋል። ከሌለ በሴቭፖይንት ውስጥ ይገባል። በመሃል ሌላ ሴሽን ቀድሞ አስገብቶት ከሆነ ስህተት ይመጣል። ወደ ሴቭፖይንቱ ይመለስና እንደገና ይፈልጋል። ጥንቃቄ ያለበት ጥሩ ኮድ ነው። ማንም ገምጋሚ «ጎበዝ» ብሎ ያሳልፈዋል።

ታዲያ ይህቺ ትንሽ ነገር እንዴት ያንን ያህል ዳታቤዝ ታቆማለች? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወደ ሥሩ እንውረድ።

ፖስትግሬስ ውስጥ የሚጽፍ ትራንዛክሽን ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። በውስጡ የምትጽፍ ሰብትራንዛክሽንም የራሷ ቁጥር አላት። አንድ ሴሽን ረድፍ ሲያነብ «ይህን የጻፈው ቁጥር ጨርሷል ወይስ ገና ነው?» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ቁጥሩ የሰብትራንዛክሽን ከሆነ ደግሞ ወላጁ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ልጅ ያለ ወላጁ አይጸድቅምና። ይህ የልጅና የወላጅ ዝምድና የሚጻፍበት መዝገብ ፒጂ ሰብትራንስ ይባላል።

የቀበሌ መዝገብ ቤት አስቡ። ጠረጴዛው ላይ 32 መዝገብ ብቻ ይቀመጣል። ሌላው ከጓዳ ነው የሚመጣው። በርካታ ሰው መጥቶ ስለ ትናንትና ዛሬ ልደት ከጠየቀ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ስላለ ቶሎ ይሸኛል። እያንዳንዱ ሰው ስለተለያየ ዓመት መጠየቅ ከጀመረ ግን ጸሐፊው አንዱን መዝገብ መልሶ ሌላውን ለማምጣት ይመላለሳል። በሚመላለስበት ጊዜ ደግሞ ጠረጴዛው ለማንም አይከፈትም። ወረፋው ከግቢ ይወጣል።

በዚያን ጊዜው ፖስትግሬስ ጠረጴዛው ልክ እንዲህ ነበር። ለዚህ መዝገብ በሜሞሪ የተመደበለት 32 ገጽ ብቻ ነው። አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት፣ አንድ ቁጥር 4 ባይት ስለሚይዝ በአንድ ገጽ 2,048 ቁጥር ይገባል። 32 ሲባዛ 65,536 ቁጥር። ይህ መጠን ኮዱ ውስጥ የተቀረጸ ነው። በቅንብር ፋይል ሊቀየር አይችልም ነበር። ሰርቨሩ ስንት መቶ ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖረውም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ተባባሪ

ሴቭፖይንት ብቻውን ኔሲን አይቀሰቅስም። ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ተባባሪ ረጅም ትራንዛክሽን ነው።

አንድ ሴሽን ዋናው ሰርቨር ላይ ትራንዛክሽን ከፈተ እንበል። ቁጥር ወሰደ፣ አልዘጋም። ከእሱ በኋላ የመጡት ቁጥሮች ሁሉ «ምናልባት ገና ያልጨረሱ» በሚለው ክልል ውስጥ ይገባሉ። ክልሉ በየሰከንዱ ይሰፋል። ዳታቤዙ በሰከንድ 1,000 ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ 65,536ቱ በ65 ሰከንድ ያልቃል። በሰከንድ 3,000 ከሆነ በ22 ሰከንድ። ግማሽ ደቂቃ የሚቆይ ትራንዛክሽን ደግሞ በብዙ ቤት «ረጅም» ተብሎ ማንቂያ አይደወልለትም።

የሚገርመው ችግሩ የጎዳው ሪፕሊካዎቹን (የዋናውን ሰርቨር ቅጂ ይዘው ንባብ የሚያስተናግዱትን ሰርቨሮች) መሆኑ ነው። ሴቭፖይንቱም ረጅሙ ትራንዛክሽንም ያሉት ዋናው ሰርቨር ላይ ነው። ታዲያ ለምን ሪፕሊካው? ዋናው ሰርቨር ሴሽኖቹን በዓይኑ ያያቸዋል። እያንዳንዱ ሴሽን እስከ 64 የሚደርሱ የሰብትራንዛክሽን ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሜሞሪ ላይ አለው። ከ64 ካላለፈ መዝገብ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሪፕሊካው ግን እነዚያን ሴሽኖች አያውቃቸውም። ከዋናው ሰርቨር በሚላክለት የለውጥ መዝገብ ብቻ ነው የሚኖረው። ስለ ሰብትራንዛክሽኖቹ ያለው መረጃ ሙሉ ካልሆነ፣ በክልሉ ውስጥ ላለ ለሚያነበው ቁጥር ሁሉ መዝገብ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይጀምራል። ወላጅ ለሌለው ቁጥር እንኳ ሄዶ «የለውም» የሚል መልስ ይዞ መመለስ አለበት።

አሁን ምስሉን አንድ ላይ ተመልከቱት። ሪፕሊካ ላይ ብዙ ሴሽኖች እኩል ያነባሉ። እያንዳንዱ ሴሽን ለብዙ ረድፎች መዝገብ ቤት ይሄዳል። የሚፈለጉት ገጾች ከ32 በልጠዋል። ገጽ ማምጣት ደግሞ አንድ ሎክ ይጠይቃል፤ ሎኩም ለሁሉም አንድ ነው። በትይዩ ሊሄድ የታሰበው ሥራ በአንድ በር ተሰልፏል። ሴሽን በጨመራችሁ ቁጥር ወረፋውን ታስረዝማላችሁ እንጂ ሥራውን አታፋጥኑም።

ድንገት የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ረጅሙ ትራንዛክሽን በተዘጋ ቅጽበት ክልሉ ይጠብባል። የሚፈለገው መዝገብ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ይበቃል። ወረፋው ይበተናል። መሐንዲሱ ዓይኑን እስኪያሽ ድረስ ሐይቁ ረግቷል።

የራነሮቹ ጥያቄ ከሁሉ በፊት ለምን ተጎዳ ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ። የሥራ ወረፋ ሠንጠረዥ ረድፎቹ ያለማቋረጥ ይቀየራሉ። አዲስ የተቀየረ ረድፍ ቁጥሩ በዚያ ክልል ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ረድፍ ግን መዝገብ ቤት አያስኬድም።

ይህ ሁሉ ግምት ሆኖ አልቀረም። ዋና ሰርቨርና ሪፕሊካ አቁመው፣ ጫና ለቀው፣ ረጅም ትራንዛክሽን ከፍተው፣ ሴቭፖይንት ጨምረው ሞከሩት። ኔሲ በትእዛዝ መጣ። የሪፕሊካው ፍጥነት ቁልቁል ወረደ። ለእኔ የጥናቱ ልብ ይህ ነው። ችግሩን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ፣ ሲጠሩት እንዲመጣ ማድረግ ምክንያቱን ያረጋግጣል።

ምን ይደረግ?

ሦስት መንገድ ነበራቸው። ረጅም ትራንዛክሽኖችን በሙሉ ማስቀረት አንዱ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በዚያ ስፋት ያለ ሲስተም ውስጥ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ የሚሠራ ጥገና ሁልጊዜ ይኖራል። አንዷ ካመለጠች ኔሲ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለተኛው የጠረጴዛውን መጠን የሚያሰፋ ማሻሻያ ፖስትግሬስ ላይ መጫን ነበር። አንድሬይ ቦሮዲን የተባለው የፖስትግሬስ ገንቢ ያዘጋጀው ማሻሻያ በዚያን ጊዜ ነበር፤ ገና ወደ ዋናው ኮድ አልገባም። የራስን ፖስትግሬስ እየገነቡ ተጠቃሚ በሚገለገልበት ሲስተም ላይ ማስኬድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ እትም ሲወጣ ሸክሙ አብሮ ይመጣል።

ሦስተኛውን መረጡ፤ ሴቭፖይንትን ከኮዱ ማውጣት።

ሥራው አሰልቺ ነው። መጀመሪያ ሴቭፖይንት ከየት እንደሚመጣ በመለኪያና በምዝገባ ማወቅ ነበረባቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ማንሳት። «ካለ አምጣ፣ ከሌለ ፍጠር» ለሚለው ፖስትግሬስ ከእትም 9.5 ጀምሮ የተሻለ መንገድ አለው። አስገባ፣ ተመሳሳይ ካለ ግን ምንም አታድርግ የሚል አንድ ትእዛዝ ነው። ስህተት ስለማይፈጠር የሚመለሱበት ሴቭፖይንት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ረድፉ አስቀድሞ ካለ ትእዛዙ ረድፉን አይመልስም። እንደገና መፈለግ አለባችሁ። ይህን ያልጠበቀ ኮድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌሎቹን ደግሞ ከትልቁ ትራንዛክሽን ውጭ በማውጣት ወይም ውስጠኛውን ትራንዛክሽን በመተው ፈቷቸው።

በዚህ አላቆሙም። አዲስ ኮድ ሴቭፖይንት ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ በአውቶማቲክ የኮድ ፍተሻቸው ላይ ጨመሩ። ይህን እርምጃ በጣም ወድጄዋለሁ። በወር የጸዳ ኮድ በሁለት ወር ተመልሶ ሲቆሽሽ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ሴቭፖይንቶቹ ከወጡ በኋላ ኔሲ አልታየም። ጽሑፋቸውን ይፋ ያደረጉትም ይህን ካዩ በኋላ ነው።

እኛ ጋስ?

ሬይልስ የማትጠቀሙ ሰዎች እፎይ አትበሉ። እንደ ሬይልስ ማዕቀፍ በሆነው ጃንጎ ውስጥ «አቶሚክ» የሚባለው የትራንዛክሽን ብሎክ በሌላ «አቶሚክ» ውስጥ ሲገባ ሴቭፖይንት ይከፈታል። «ጌት ኦር ክሪኤት» የሚለው ተወዳጅ ዘዴ ረድፍ ሲፈጥር የራሱን አቶሚክ ይከፍታል። እያንዳንዱ ጥያቄ በትራንዛክሽን ይጠቅለል ብላችሁ ካዘዛችሁ ደግሞ ያ ሴቭፖይንት ሆነ ማለት ነው። ሌላው ማዕቀፍ ላራቬልም የተደራረበ ትራንዛክሽንን የሚሠራው በሴቭፖይንት ነው። ፒኤል ፒጂኤስኪውኤል በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ቋንቋ ውስጥ ስህተት የሚይዝ ብሎክ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሰብትራንዛክሽን ከፍቷል። በሉፕ ውስጥ ከሆነ በየዙሩ አንድ።

አንድ ሰርቨር ብቻ ያለውና ጫናው መካከለኛ የሆነ ሲስተም በዚህ መጨነቅ የለበትም። ሴቭፖይንት ኃጢአት አይደለም። ሪፕሊካ ላይ የሚነበብ፣ በሰከንድ ብዙ የሚጻፍበትና ረጅም ትራንዛክሽን የማይጠፋበት ሲስተም ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ፈትሹት። ፒጂ ስታት አክቲቪቲን በየጥቂት ሰከንዱ ናሙና እየወሰዳችሁ አስቀምጡ። በእትም 12 ሰብትራንስ ኮንትሮል ሎክ የነበረው ስም ከእትም 13 ጀምሮ ሰብትራንስ ኤስኤልአርዩ ሆኗል። እትም 13 ፒጂ ስታት ኤስኤልአርዩ የሚባል አዲስ እይታም አምጥቷል። ስለ ሰብትራንዛክሽን በሚናገረው ረድፍ ከዲስክ የተነበቡት ገጾች ቁጥር ድንገት ቢዘል መዝገብ ቤቱ ተጨናንቋል ማለት ነው። የጊትላብ ሰዎች ኔሲን ሲያሳድዱ ይህ እይታ አልነበራቸውም።

በሴፕቴምበር 2024 የወጣው ፖስትግሬስ 17 ጠረጴዛውን አሰፋው። መጠኑ አሁን በቅንብር ይወሰናል። ካልነካችሁት ከጠቅላላው የጋራ ባፈር (ፖስትግሬስ ለዳታ ገጾች ከሚይዘው ሜሞሪ) አንጻር ራሱ ያሰላል፤ በዚህ ስሌት ከፍተኛው 1,024 ገጽ ነው። አንዱ ሎክም ተከፋፍሎ ብዙ በር ሆኗል። 1,024 ገጽ ማለት ወደ 2 ሚሊዮን ቁጥር ነው። በሰከንድ 1,000 ቁጥር ለሚሰጥ ዳታቤዝ 35 ደቂቃ ያህል ይበቃል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የዳታ ማስተካከያ በአንድ ትራንዛክሽን ከለቀቃችሁ ያንንም ያልፈዋል።